ልጄን ዲስኩረኛ ያረገው የእንግሊዝኛ–ፖሊሽ ዲክሽነሪ አፕ (ሰባት ወር ከከፈልኩ በኋላ)

ቀጥታ ልግባ። ከእንግሊዝኛ ወደ ፖሊሽ (ወደ ፖላንድ ቋንቋ) የሚተረጉም ዲክሽነሪ አፕ ሰባት ወር ተጠቀምኩበት፣ ፕሪሚየሙን ነው ደሞ፣ በየወሩ 25 ዝዎቲ፣ የፖላንድ ገንዘብ ነው፣ ከካርዴ እየተቆረጠ። ስሙን አልጠራም፣ ከሱ በኋላ የሞከርኳቸው ሁለት ሌሎች አፖችም ያው ስለሆኑ እሱን ብቻ ለይቶ ማማት ግፍ ነው። ለዳቦ፣ ለወተት፣ ለአውቶቡስ ትኬት፣ ለራስ ምታት መድሀኒት ምንም አይወጣለትም፣ ጎበዝ ነው። ጉድ ያረገኝ ስለ መናገር ስፈልግ ነው። አለ፣ ነገረ፣ ተናገረ፣ አወራ፣ ንግግር፣ ምላስ፣ ድምፅ፣ እነዚህ ሁሉም ሰው ቀኑን ሙሉ የሚጠቀምባቸው ቃሎች ላይ ማለት ነው።

የምንኖረው ፖላንድ ውስጥ፣ ዉጅ ነው። ካርታ ላይ ሎድዝ ብላችሁ የምታነቧት ከተማ ናት፣ እነሱ ሲጠሯት ግን ዉጅ ነው የሚሏት፣ ትርጉሙ ጀልባ ነው፣ ጀልባ የሚያንሳፍፍ ወንዝ ግን የላትም፣ ይሄን እስካሁን ማንም በደንብ አላስረዳኝም። ልጄ አራት አመት ተኩሉ ነው፣ ኬጂ ይሄዳል፣ ቤት ውስጥ አማርኛ ነው የምናወራው። መኸር ላይ ከኬጂው አንድ ወረቀት ተላከልኝ፣ ሎጎፔዳዋ አይታዋለች ይላል። ሎጎፔዳ እዚህ ሀገር የሰውን አነጋገር የሚያይ ባለሙያ ነው፣ ኬጂ ድረስ እየመጡ ልጆቹን አንድ በአንድ ያስቀምጡና ስዕል እያሳዩ ይሄ ምንድነው ይላሉ፣ አፍ ያስከፍታሉ፣ ምላስ ያስወጣሉ። እኔ ይሄን ሁሉ አላውቅም ነበር፣ ወረቀቱን ሳይ ደንግጬ ልቤ ወደቀ፣ ልጄ ምን ሆነብኝ ብዬ።

መልስ ልጽፍላት ቁጭ አልኩ። በእንግሊዝኛ አሰብኩት፣ ቤት ውስጥ ስፒቹ ላይ ምንም ችግር አላየሁበትም ልላት ነው። አፑ ላይ ስፒች ብዬ ስገባ አናት ላይ የወጣው ፕሼሙቪዬኒዬ የሚል ነው። ኮፒ አርጌ አስገባሁት፣ ላኩት።

በነጋታው ልጁን ላደርስ ስሄድ ሴትዮዋ ኮሪደር ላይ አገኘችኝ፣ ሳቋን እንደያዘች፣ ግን በጣም በትህትና፣ ለመሆኑ የት ነው ንግግር የሚያደርገው አለችኝ። አልገባኝም። እጇን እንደ መድረክ ሰው ዘርግታ አሳየችኝ። ለካ ፕሼሙቪዬኒዬ ማለት ፕሬዝዳንት ወይ ዳይሬክተር ማይክ ይዞ የሚያሰማው ዲስኩር ነው! ልጄ ዲስኩር ሲያሰማ ችግር የለበትም ብዬ ነው የጻፍኩላት፣ ካልሲውን ገልብጦ የሚያደርግ ልጅ! እኔ የፈለግኩት ሞቫ የሚለውን ነበር፣ ሰው አፉን ከፍቶ የሚናገርበትን ችሎታ።

እንደ እውነቱ ከሆነ እኛም ጋ ንግግር ስንል ሁለቱንም ነው፣ የመሪውም ንግግር የልጁም ንግግር ያው ንግግር ነው፣ ስለዚህ ስህተቱን ሳየው ቶሎ አልነቃሁም። ግን ታዲያ ዲክሽነሪ ስራው ምንድነው? ሞቫ አራተኛ ላይ ነበረች፣ ወደታች ለሚያንሸራትት ሰው። አጠገቧ ምንም የለም፣ ይሄ ለመድረክ ነው፣ ይሄ ለልጅ አፍ ነው የሚል አንዲት ቃል የለችም። አራት ቃል ደርድሮ ምረጪ ይለኛል፣ እኔ መምረጥ ብችልማ ለምን እከፍለዋለሁ።

ሞቫን አንዴ ከያዛችኋት ደሞ ዘመዶቿ ማለቂያ የላቸውም፣ አፑ ይሄንንም አይነግራችሁም። ከፊቷ ትንሽ ነገር ትቀጥሉና ሌላ ቃል ትሆናለች። ቪሞቫ የቃል አጠራር ነው፣ ሮዝሞቫ ሁለት ሰው ተቀምጦ የሚያወራው ወሬ ነው፣ ኦድሞቫ እምቢታ ነው፣ ዝሞቫ በድብቅ ተመሳጥሮ መዶለት ነው፣ ኡሞቫ ደሞ ውል ነው፣ የስራ ውል የፈረማችሁ ሁሉ ወረቀቱ አናት ላይ አይታችኋታል። ቪሙፍካ ሰበብ ማለት ነው፣ ለዘገየ ሰው ሁሌ ትሆናለች። ይሄ ለአማርኛ ተናጋሪ እኮ በጣም ቀላል ነው፣ እኛስ ከነገር ተነስተን ነገረ፣ ተናገረ፣ አነጋገር፣ ተነጋገሩ፣ ነገረኛ እያልን አይደል የምንሄደው? በዚህ መንገድ ቢያሳየኝ በአንድ ማታ አስር ቃል ጭንቅላቴ ውስጥ ይገባ ነበር፣ እሱ ግን እያንዳንዱን ቃል ብቻውን ነው የሚያስቀምጠው፣ እናት አባት እንደሌለው።

የገረመኝን ሁለት ልጨምር። ጨቅላ ህፃን ኒዬሞቭሌ ይባላል፣ ገና የማይናገር እንደማለት፣ እዛም ውስጥ ሞቫ ተቀምጣለች። ጀርመኖችን ደሞ ኒዬምፂ ነው የሚሏቸው፣ ዲዳ ከሚለው ቃል የመጣ ነው፣ ድሮ ጎረቤቶቻቸው የሚያወሩት ስላልገባቸው ዲዳ ናቸው ብለው ስም አወጡላቸውና እስከዛሬ የሀገሩ ስም ሆኖ ቀረ። እኔ እዚህ በመጣሁበት የመጀመሪያ አመት ማን እንደነበርኩ ታዩታላችሁ።

ሁለተኛው ጉድ የባሰ ነው ምክንያቱም ሁለት ሳምንት በልቶብኛል። ሎጎፔዳዋ ቤት ውስጥ የሚሰራ ልምምድ ብላ አንድ ወረቀት ሰጠችኝ፣ ርዕሱ ችፊቼኛ የንዚካ ነው። በግልባጭ ከፖሊሽ ወደ እንግሊዝኛ አስገባሁት፣ አፑ የላንጉጅ ኤክሰርሳይዝ አለኝ፣ የቋንቋ ልምምድ። እሺ ብዬ፣ ጎበዝ እናት ነኝ ብዬ፣ ካርድ ቆራርጬ ስዕል ለጥፌ በየማታው ውሻ፣ ድመት፣ ማንኪያ እያልኩ ልጁን አስጠናሁት፣ እሱ መኪናውን ሊያጫውት ይፈልጋል እኔ ማንኪያ በል እለዋለሁ። የንዚክ ለካ ቋንቋም ነው ምላስም ነው! የምላስ ስፖርት ነው ሴትዮዋ የሰጠችኝ፣ ቃል ማስጠናት አይደለም። የላይኛው ከንፈሩ ላይ ማር ቀቢለትና በምላሱ ይልሰው፣ ምላሱን ወደ አፍንጫው ይዘርጋ፣ እንደ ፈረስ ኮቴ ምላሱን ላንቃው ላይ ያጩኸው። ይሄን ሲያውቅ ልጄ ስንት ጊዜ ማር እንዳስቀባኝ አትጠይቁኝ።

ግዕዙ ልሳን ሲል ሁለቱንም ማለቱ ነው፣ ቅዳሴ የሰማ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። እንግሊዝኛ ነው መሀል ገብቶ ያሳሳተኝ፣ ላንጉጅ ሌላ ታንግ ሌላ ብሎ። ሰባቱን ወር ሙሉ ያየሁት ነገር ይሄው ነው፣ አማርኛና ፖሊሽ አንድ ላይ የሚይዙትን እንግሊዝኛ ይለየዋል፣ ሁለቱ የሚለዩትን ደሞ እንግሊዝኛ ይደባልቀዋል፣ እኔ ደሞ ሁሌ በሱ በኩል ነው የምሻገረው። ድምፅን ውሰዱ። እኛ ድምፅ ስንል የጉሮሮውም የምርጫውም ነው፣ ድምፅ ሰጠሁ እንላለን። ፖሊሾቹም ግዎስ ሲሉ የጉሮሮውም የምርጫውም ነው፣ እነሱም ይሰጡታል። የወላጆች ስብሰባ ላይ ሰብሳቢዋ ግዎስ መውሰድ የሚፈልግ አለ ወይ ስትል፣ አፑ ቃል በቃል ድምፅ መውሰድ ብሎ ስላሳየኝ የሆነ ምርጫ ሊካሄድ ነው ብዬ እጄን ሰብስቤ ተቀመጥኩ። መናገር የሚፈልግ አለ ወይ ማለቷ ነበር። እናገር የነበረው ብዙ ነበር፣ በተለይ ስለ ምሳው።

አሁን ወደ ዋናዎቹ፣ ሰይ እና ቴል እና ስፒክ እና ቶክ። አፑ ለሰይም ለቴልም ፖቪየጄች ይላል፣ ለስፒክ ሙቪች ይላል፣ ለቶክ ደሞ አንዴ ሮዝማቪያች አንዴ ጋዳች ይላል፣ አለቀ። እስቲ አሁን አንድ ሰው በዚህ ምን ያረጋል? ሙቪች እና ፖቪየጄች አንድ ጥንድ ናቸው፣ ባልና ሚስት በሏቸው። እየተናገርኩ ነው፣ ሁሌ እናገራለሁ ስትሉ ሙቪች ነው፣ ተናግሬ ጨረስኩ፣ አንዴ እነግረዋለሁ ስትሉ ፖቪየጄች ነው። ፖሊሽ ግስ ሁሉ ማለት ይቻላል እንዲህ ሁለት ሁለት ሆኖ ነው የሚሄደው፣ ያለቀና ያላለቀ፣ እና ይሄኛው ጥንድ በመልክ ምንም ስለማይመሳሰል ማንም ካልነገራችሁ ዘመድ መሆናቸውን አታውቁም። እኔ አራት ወር ያህል ሁለቱን የተለያየ ትርጉም ያላቸው መስሎኝ ነበር። ተረት ወይ የሆነውን ነገር ከመጀመሪያው እስከመጨረሻው ማውራት ሲሆን ደሞ ኦፖቪያዳች ነው፣ እንግሊዝኛው ለዚህም ቴል ይላል፣ አፑ ግን እዚህ ጋ ዝም።

ጾታውንማ ተዉት። ፖሊሽ ላይ ሴትና ወንድ ስለራሳቸው እንኳን ሲያወሩ ያለፈው ጊዜ ግስ ይለያያል። ወንድ ፖቪየጃዌም ይላል፣ ሴት ፖቪየጃዋም ትላለች፣ ሁለቱም አልኩ ማለት ነው። እኛ አለ አለች፣ አልክ አልሽ ብለን እንለያለን፣ አልኩ ላይ ግን አንለይም፣ እነሱ እዛም ይገባሉ። አፑ ላይ ያለው ምሳሌ በሙሉ፣ በሙሉ ነው የምላችሁ፣ በወንድ ነው። እኔም በወንድ አጠናሁት፣ ሁለት ወር ሙሉ ገበያውም ክሊኒኩም ኬጂውም ፖቪየጃዌም፣ ፖቪየጃዌም እያልኩ። ሰው ትህትናው ነው መሰለኝ ማንም አላረመኝም። ያረመኝ ማን ነው፣ ልጄ። ማሚ አንቺ እኮ ጎረምሳ አይደለሽም አለኝ በአማርኛ፣ ከዛ በፖሊሽ ትክክለኛውን አሰማኝ፣ ጣቱን እየቀሰረ።

ቶክ ላይ ደሞ የደረሰብኝ ይሄ ነው። የኬጂዋን ዳይሬክተር ላነጋግር ፈልጌ አፑ ከሰጠኝ ሁለት ቃል አጠር ያለውን መረጥኩ፣ ጋዳች። ሰላም ብያት ላወራሽ ፈልጌ ነበር እንደማለት ሆነ፣ ያውም ከጓደኛ ጋር ሰፈር ውስጥ ቀደዳ ለመቅደድ የሚባል አይነት። ቅንድቧ ትንሽ ከፍ አለ። ላነጋግርዎት ፈልጌ ነበር ለማለት ፖሮዝማቪያች ነው የሚባለው፣ እሷም ፓኒ ተብላ ነው የምትጠራው፣ ፓኒ ለሴት ፓን ለወንድ፣ እንደኛ እርስዎ በሉት። አክብሮት ለለመደ ሀበሻ ይሄ ምንም አይከብደውም፣ አንተ የሚባለውን ሰውና እርስዎ የሚባለውን ሰው ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቃለን። ግን በእንግሊዝኛ ስታልፉ ሁሉም ዩ ሆኖ ይጨፈለቅና ማዶ ሲደርስ አንተ ሆኖ ይወጣል። አንድ ቀን ለመፈተሽ ያህል በነጻ በሚገኝ አንድ ተርጓሚ ላይ ምን አሉ እማማ ብዬ በአማርኛ አስገባሁ፣ ፖሊሹ ሲወጣ እማማን እንደ ሰፈር ጓደኛ ነው ያናገራቸው። ምን አልሽ ስለው ደሞ ወንድ አረጋት።

ደግ ደጉንም ልናገር እንጂ። ድምፁ ጥሩ ነው። የልጄ ችግር ለካ ያን ያህል አልነበረም፣ ፖሊሽ ላይ ሁለት አይነት ሽ አለ፣ ሁለት አይነት ች፣ ሁለት አይነት ዥ፣ ሁለት አይነት ጅ። እኛ ያለን አንድ አንድ ነው፣ ልጁ ሁለቱን ወደኛው አንድ እያመጣ ነው የሚጠራው። ስድስት ቁጥር ሼሽች ነው የሚባለው፣ አያችሁ በፊደላችን ስጽፈው ሁለቱም ሽ ሆነው ቁጭ ይላሉ፣ ለነሱ ግን የመጀመሪያው ምላስ ወደላይ ተነስቶ አፍ ሞጥሞጥ ብሎ ነው፣ ሁለተኛው ምላስ ተዘርግቶ ፈገግ እንደማለት ነው። ሎጎፔዳዋ መስታወት ፊት አስቀምጣ ነው ያሳየችን፣ እኔም ከልጄ ጎን ተደርድሬ ፈገግ ሞጥሞጥ ስል ነበር። አፑ ድምፁን በግማሽ ፍጥነት ያሰማል፣ ደጋግመን ሰማነው፣ እዚህ ላይ አመሰግነዋለሁ። ግን ድምፅ ከሆነ ዲኪ የሚባለው ድረገጽም የእንግሊዝኛና ፖሊሽ መዝገበ ቃላት ነው፣ ቃሉን እያነበበ ያሰማል፣ ነጻ ነው፣ ስለዚህ 25 ዝዎቲው አሁንም አልተመለሰልኝም። እና ሴትዮዋ ለልጁ ቤት ውስጥ አማርኛውን እንዳታቆሚ ነው ያለችኝ፣ ይሄን የምጽፈው አንዳንዶቻችሁ ልጁ እንዳይደናገር ብላችሁ በተሰባበረ ፖሊሽ እንደምታወሩት ስለማውቅ ነው።

ከዚህ ሁሉ ያወጣኝ አንድ ጋሼ ናቸው። በደርግ ጊዜ በስኮላርሺፕ መጥተው እዚሁ የቀሩ ሰው ናቸው፣ ዉጅ ውስጥ በ1952 ለውጭ ሀገር ተማሪዎች የተከፈተው የፖሊሽ ቋንቋ ትምህርት ቤት ነው የተማሩት፣ ያኔ ከአፍሪካ ለትምህርት ከሚመጣው ብዙው መጀመሪያ እዛ ገብቶ ቋንቋውን ተምሮ ነበር ወደየዩኒቨርሲቲው የሚበተነው። በፋሲካ እቤታቸው ሄደን የዲስኩሩን ታሪክ ስነግራቸው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ፣ ከዛ አንቺ ልጅ ወረቀት ግዢ አሉኝ። ስልኩን አሳየኋቸው፣ እሱ ቃል ይሰጥሻል እንጂ አያስረዳሽም አሉኝ፣ እና እሳቸው እንግሊዝኛ ሳይችሉ ነው የመጡት፣ አስተማሪዋ በእጅ በእግሯ እያሳየች ቀጥታ በፖሊሽ ነው ያስተማረቻቸው፣ ለዛ ይሆናል እንደኔ ያልተጠማዘዙት።

ፒዮትርኮፍስካ መንገድ ላይ፣ ከተማዋን ለሁለት ሰንጥቆ የሚሄደው ረጅሙ መንገድ ላይ ማለት ነው፣ ግቢ ውስጥ ገባ ያለ የአሮጌ መጽሐፍ ሱቅ አለ። ሁለት ኪሎ የሚመዝን የእንግሊዝኛ ፖሊሽ መዝገበ ቃላት በ40 ዝዎቲ ገዛሁ፣ ጠርዙ በፕላስተር የተለጠፈ። ሱቁን እወደዋለሁ፣ ሽማግሌው ሻጭ ቀና ብሎም አላየኝ፣ ዝናብ ላይ ቆሜ ስለነበር ግን ሳልጠይቀው ሁለት ፌስታል አለበሰልኝ። ቤት ገብቼ መጀመሪያ ያየሁት ስፒች የሚለውን ነው። ሞቫ መጀመሪያ ላይ፣ ቀጥሎ በዘንባላ ፊደል የመናገር ችሎታ የሚል፣ ከዛ ፕሼሙቪዬኒዬ፣ አጠገቡ በስብሰባ ላይ የሚል፣ ከዛ በድራማ ውስጥ አንድ ተዋናይ የሚለው ንግግር፣ ከዛ የሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ ያለው። እያንዳንዱ ስር አረፍተ ነገር አለ። ሰይ የሚለው ሁለት አምድ ሞልቷል፣ ከእያንዳንዱ ግስ ጎን በትንሹ ዴካ ወይ ኤንዴካ የሚል ምህጻረ ቃል አለ፣ ያለቀና ያላለቀ ማለት ነው፣ አራት ወር የፈጀብኝን ነገር ሁለት ፊደል ነገረኝ። ተናደድኩም ሳቅኩም።

ጉድለት የለውም አልልም። ድምፅ የለውም፣ ቦርሳ ውስጥ አይገባም፣ የስልክና የኢንተርኔት ቃል የሚባል ነገር አያውቅም፣ ቮይስ ሜሴጅ ብትሉት ያፈጥባችኋል። ወጥ እየሰራሁ በዘይት እጄ አንድ ገጽ አበላሽቻለሁ። ስራ ቦታ አሁንም ስልኬን ነው የማየው፣ ማታ ግን ጠረጴዛ ላይ እሱ ተዘርግቶ ነው የሚያድረው፣ ልጁ መኪናውን ያቆምበታል።

ሰብስክሪፕሽኑን ላቋርጥ ስል ደሞ ሌላ ፈተና፣ ማቋረጫው ሴቲንግ ውስጥ አራት ቦታ ተደብቆ ነው፣ ስታገኙት ለምን ልትለዩን ፈለጋችሁ ብሎ ይጠይቃል፣ ምክንያት ጻፉ ይላል። በፖሊሽ ጻፍኩለት፣ በሴት ግስ። መልስ የለም። ኮከብ ስጡ ከተባለ ለድምፁ ብዬ ሁለት፣ ሌላው ላይ ዝም ነው።

የመጽሐፉን አንድ ነገር ሳልነግራችሁ፣ ደብሊው ላይ አንድ ቅጠል ተቀዶለታል። ያየሁት ባለፈው ሳምንት ነው፣ ዊስፐር የሚለውን ስፈልግ ገጹ የለም፣ ከዛኛው ቃል ዘሎ ወደ ሌላው ይገባል። ልጄ ተኝቷል ብዬ ነበር፣ ለካ ከጀርባዬ ቆሞ ያያል። ሰው ጆሮ ላይ ቀስ ብለህ ስታወራ በፖሊሽ ምን ይባላል አልኩት። ወንበሩ ላይ ወጣ፣ ጆሮዬን በሁለት እጁ ያዘና፣ በማር አፉ፣ ሼፕታች አለኝ። እርሳስ አምጥቼ ጠርዙ ላይ ጻፍኩት። እናንተ ግን ስትገዙ ገጹን ቆጥራችሁ ነው የምትከፍሉት፣ ሽማግሌው አይቆጣም።